ከኾራ ቁልቁል

ፓንዴሊስ ታክሲ መንዳት የጀመረው በሃያ አምስት ዓመቱ፣ አባቱ በወገብ ሕመም አልጋ ላይ የዋለ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የተመላለሰው በአንድ መንገድ ነው ማለት ይቻላል፤ ከስካላ ወደብ ሽቅብ ተራራው ላይ ወዳለችው ከተማ ወደ ኾራ፣ ከኾራ ቁልቁል ወደ ስካላ። አንዳንዴ ወደ ካምቦስ ወይም ወደ ግሪኮስ ይታጠፋል። ከዚያ ወዲያማ ፍጥሞ ደሴት ናት፣ ባሕር ነው። የደሴቱን ሙሽሮች ግማሾቹን ያደረሰው እሱ ነው። መነኮሳቱ ከዮሐንስ ገዳም ወደ መርከብ ሲወርዱ የሚያስጠሩት እሱን ነው። ወሬ አያበዛም፣ ጡሩንባ አይነፋም፣ አሮጊት ስትገባ ወርዶ በር ይከፍታል፤ ከመስተዋቱ ሥር ዘወትር የበሶብላ ዘለላ ይሰካል። ከዚህ ሌላ ስለ እሱ የሚወራ ነገር አልነበረም፤ እሱም እንዲወራ አይፈልግም።

ዓይኑ የታመመው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጋዜጣ ሲያነብ መሐል ላይ ያለው ፊደል እየተሰወረ አስቸገረው። ቀስ በቀስ ነገሩ እየሰፋ መጣ። የሚያየውን ነገር ዳር ዳሩን ያየዋል፤ መሐሉ ግን ወተት እንደ ፈሰሰበት ይጠፋል። ሰው ፊት ለፊቱ ሲቆም ባርኔጣውና ትከሻው ይታየዋል፣ ዓይንና አፍንጫው የሉም። አንገቱን እንደ ዶሮ ሰበር አድርጎ በጎን ሲመለከት ትንሽ ይሻለው ነበርና ይህን ለመደ። ለሚስቱ ለኡራኒያ የመኪና ዕቃ ልፈልግ ነው ብሎ በጀልባ ወደ ሌሮስ ተሻገረና ሐኪም ዘንድ ቀረበ። ሐኪሙ መርምሮት ሲያበቃ መኪና ይነዳ እንደሆነ ጠየቀው። ፓንዴሊስ የለኝም፣ ጀልባ ነው ያለኝ አለ። ሐኪሙም እንግዲያው ጀልባውንም ተው አለው።

አልተወም። ለማንም አልተናገረም። ዋሸሁ አይልም ለራሱ፤ የጠየቀኝ የለም ነው የሚለው። ክረምቱንም ያለ ችግር አሳለፈ፤ መንገዱ ባዶ ነው፣ እያንዳንዷን ኩርባ እግሩ በፍሬኑ ላይ ሆኖ ያውቃታል። የሚሳፈረውን ሁሉ በድምፁ ይለየዋል። የከተማውን አውቶቡስ ገና ኩርባውን ሳይዞር በሞተሩ ማቃሰት ይሰማዋልና ዳር ይይዝለታል። የሚያስፈራው በጋው ነው፤ በጋም ሆኖ መርከብ የሚመጣበት ቀን። ያን ቀን አንድ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ይራገፋል። የተከራየ ሞተር ብስክሌት እንደ ንብ ይርመሰመሳል፣ መኪና ቆሞ በማያውቅበት መኪና ይቆማል። ስለዚህ በመርከብ ቀን አንዴ ሆዴን አለ፣ አንዴ ጎማዬ ተነፈሰ አለ፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ስልኩን ዘግቶ ተኛ።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ግን ሳቫስ ኾራ ድረስ መጥቶ በሩን አንኳኳ። ሳቫስ አርባ ያልሞላው፣ ሥራ ወዳድ ጎልማሳ ነው። በመርከብ ቀን የራሱን ታክሲ ለእህቱ ልጅ ይሰጥና እሱ ወደቡ ላይ ቆሞ ተራ ያስከብራል።

"አባባ ፓንዴሊስ፣ ዛሬ የለሁም እንዳትለኝ" አለ ከደጃፉ ሳይገባ። "ሁለቱ ሹፌሮች ካሊምኖስ ደሴት ለቅሶ ሄደዋል። አንተ ከቀረህ ሰዉን በትከሻዬ ላወጣው ነው?"

ኡራኒያ ጓዳ ውስጥ ሽምብራ እየለቀመች ነበር። ፓንዴሊስ ወደ እሷ ዞር አለ፤ እሷ ግን ቀና አላለችም። ቁልፉን አንስቶ ወጣ።

መርከቡ ከቆጵሮስ፣ ከሊማሶል ወደብ የመጣ ነበር። ትልቅ በመሆኑ ወደቡ ውስጥ አይገባም፤ ከባሕር ሰላጤው አፍ መልሕቁን ጥሎ ሰዉን በትንንሽ ጀልባ ይልካል። ተሳፋሪው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስካላ ላይ ይወርድ ጀመር፤ መርከቡ የሚነሣው ለአሥራ ሁለት ሰዓት ምሽት ነው ተብሏል። ፓንዴሊስ አንድ ዘዴ ነበረችው። አንድ የቱሪስት አውቶቡስ እስኪነሣ ይጠብቅና ከኋላው ይለጠፋል። የአውቶቡስ ጀርባ ሰፊ ነው፣ በዓይኑ ዳር እንኳ አይጠፋውም፤ ያ ሲቆም ይቆማል፣ ያ ሲሄድ ይሄዳል። በዚህ ዓይነት ሦስት ጊዜ በሰላም ወጥቶ ወረደ። ሸሚዙ ግን በላብ ከወንበሩ ጋር ተጣብቆ ነበር።

አራተኛዎቹ ተሳፋሪዎች ባልና ሚስት የቆጵሮስ ሰዎች ነበሩ። ባልየው ሎይዞስ ይባላል፤ ዕድሜው ከፓንዴሊስ አምስት ስድስት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ቀኝ እጁን ከትናንት ወዲያ የመርከቡ ደረጃ ላይ ወድቆ በፋሻ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ሚስቱ ማሩላ ትባላለች፣ ገዳሙን ለመሳለም ለሠላሳ ዓመት ስትመኝ የኖረች ሴት ናት። ኾራ ሲደርሱ እስኪመለሱ እንዲጠብቃቸው ለመኑት። እሱም ከንፋስ ወፍጮዎቹ ሥር መኪናውን አቁሞ ጠበቀ።

እዚያ ቆሞ ሳለ ነፋሱ ተነሣ። የሰሜኑ ነፋስ በመስከረም ሰው የሚረሳው ነገር ነው፤ ሲመጣ ግን ለሰው አይነግርም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ባሕሩ ነጭ በነጭ ሆነ፤ ፓንዴሊስ ነጩን ባያየውም ወፍጮዎቹ ሲያፏጩ ሰማ። ከስምንት ሰዓት በፊት ስልኩ ጮኸ። ሳቫስ ነበር። ካፒቴኑ ፈርቷል፣ መርከቡ ቀደም ብሎ ይነሣል፣ የመጨረሻዋ ጀልባ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ትሄዳለች አለው። ፓንዴሊስ ባልና ሚስቱ ገና ከገዳሙ እንዳልወጡ ሲነግረው ሳቫስ በቅዱሳኑ ሁሉ ስም ምሎ ስልኩን ዘጋ።

አውቶቡሶቹ አንድ በአንድ ተሳፋሪ እየሰበሰቡ ወረዱ። ፓንዴሊስ የመጨረሻው ሞተር ድምፅ ከኩርባው በታች እስኪጠፋ አዳመጠ። የሚከተለው ጀርባ የለም። ባልና ሚስቱ በጠባቡ ጎዳና እያለከለኩ ብቅ ያሉት ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ማሩላ በመንገዱ ጥምዝምዝ መጥፋታቸውን ልታስረዳው ሞከረች። እሱ የመርከቡን ቀድሞ መነሣት ነግሯት በሩን ከፈተላት።

ቁልቁል ሲነሡ ሎይዞስ ከፊት ወንበር ነበር። ነፋሱ መኪናዋን ከጎን እየመታ ያንገላታታል፣ አቧራና የጥድ ቅጠል መስተዋቱ ላይ ይረግፋል። ፓንዴሊስ አንገቱን ሰበር አድርጎ የአስፋልቱን ጠርዝ በዓይኑ ዳር እየያዘ፣ ኩርባዎቹን በሆዱ እየቆጠረ ወረደ። የመጀመሪያው፣ ሁለተኛው፣ የባሕር ዛፎቹ፣ ሦስተኛው።

"አንገትህን ምን ሆንክ፣ ወንድሜ?" አለው ሎይዞስ።

"ነፋስ መታኝ።"

ሎይዞስ ሚስቱ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። አንገቱን ነፋስ የመታው ሰው አንገቱን አያዞርም። አንተ መንገዱን የምታየው በጆሮህ ነው።"

ደግሞም እንግዲህ ቀስ በል፣ ጀልባዋ ብታመልጠን ታምልጠን አለው። በዚህ መሐል የመርከቡ ጡሩንባ ከታች ተነፋ፤ ረዥም፣ የሚያስተጋባ። ማሩላ ከኋላ ጥለውን ሊሄዱ ነው እያለች ማማተብ ጀመረች። ፓንዴሊስ እግሩ ሳይታወቀው ነዳጁን ረገጠ።

ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ዋሻ በወደቡና በኾራ እኩሌታ ላይ ነው። እዚያ ኩርባ ላይ የሚቆም መኪና ሁልጊዜ በስተግራ ነው የሚቆመው፤ ፓንዴሊስም ያንን ያውቃል። ያን ቀን ግን የዋሻውን ግንብ ሊጠግን የመጣ የሲሚንቶ መኪና በስተቀኝ፣ ግማሽ አካሉን አስፋልቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሹፌሩ ምሳ ሄዷል። ፓንዴሊስ ግራጫ ነገር በዓይኑ ዳር ሲመጣበት መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። ፊት ለፊቱ በዚያ ወተት ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ባዶ መንገድ ነበር።

"ሰው!" አለ ሎይዞስ፤ በግራ እጁም መሪውን ያዘ።

ፓንዴሊስ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው። መኪናዋ ተንሸራታ አፍንጫዋን ዝቅተኛው ግንብ ላይ አድርጋ ቆመች። ሞተሩን አጠፋ።

ከዚያ አንዲት ሴት ስሙን ስትጠራ ሰማና በድምፅዋ አወቃት። ኤቭዶኪያ ነበረች፤ ዋሻው በር ላይ ማርና ጧፍ የምትሸጥ መበለት፣ ከእሱ ጋር አንድ ክፍል የተማረች። የድንኳኗን ሸራ ነፋስ ወስዶባት አስፋልት ላይ ልታነሣ ወጥታ ነበር። አልጮኸችም። መስኮቱ ድረስ መጥታ ጎንበስ አለች።

"ፓንዴሊስ፣ ፊት ለፊትህ ቆሜ ነበር እኮ። እጄን አውለብልቤልሃለሁ። እያየኸኝ ነው የመጣህብኝ።"

"አላየሁሽም።"

"እንዴት አታየኝም? ቀይ ሻርፕ ነው የለበስኩት።"

"ኤቭዶኪያ፣ አሁንም አላይሽም" አለ። "ድምፅሽን ነው የማውቀው።"

ማሩላ ከኋላ ማልቀስ ጀመረች። ኤቭዶኪያ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ሸራውን ደረቷ ላይ አቅፋ። ሎይዞስ ሰዓቱን አየ፤ ስምንት ከአሥራ ሁለት ይላል። እጄ ቢሠራ ኖሮ እኔ እነዳው ነበር አለ፤ ሚስቱም መንዳት ተምራ አታውቅም፣ ኤቭዶኪያም እንደዚሁ። ፓንዴሊስ ስልኩን አወጣ። ሳቫስ ወዲያው አነሣ፤ ከበስተኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል።

"የት ነህ? ሁለት ሰው ይቀራል እያሉ ጆሮዬን እየበሉኝ ነው።"

"ዋሻው ጋ ነኝ። በእግር ላወርዳቸው ነው። ጀልባዋን ያዝልኝ።"

"በእግር? መኪናህ ምን ሆነ?"

ጎማ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። አንዴ ረድቶታል፣ ሁለተኛም ይረዳው ይሆናል። ኤቭዶኪያ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆማለች፤ ስትተነፍስ ይሰማዋል።

"መኪናው ደህና ነው" አለ። "ዓይኔ ነው የጠፋው፣ ሳቫስ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አላይም። አሁን ኤቭዶኪያን ልገድላት ነበር።"

ሳቫስ፣ ሌላ መኪና ልልክልህም አልችልም፣ የወደቡ መውጫ በአውቶቡስ ተዘግቷል አለው። ድምፁ እንግዳ ሆኖበት ነበር። "ውረዱ" ብሎ ዘጋው።

ኤቭዶኪያ ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች አንሥታ የመኪናዋ ጎማ ሥር አስገባች። ሂድ፣ እኔ እጠብቃታለሁ አለችው፤ ደህና ግባ ግን አላለችውም።

ከዋሻው ወደ ስካላ የሚወርደው የድሮው የበቅሎ መንገድ አስፋልቱን ቆርጦ ቀጥታ ነው የሚሄደው። በበቅሎ ኮቴ የተወለወለ የድንጋይ ንጣፍ ነው። ፓንዴሊስ በልጅነቱ ለአባቱ ምሳ ይዞ በየቀኑ በዚህ ይሮጥ ነበር። ሎይዞስ በደህናው እጁ የፓንዴሊስን ትከሻ ያዘ፣ ማሩላም የባሏን ቀበቶ ያዘች፤ በሰልፍ ወረዱ። እግሩ ድንጋዮቹን ሲነካ ፓንዴሊስ መተንፈስ ጀመረ። ደረጃው የት እንደሚሰፋ፣ የት እንደሚያንሸራትት እግሩ አልረሳውም። ከፍ ያለው ጋ "ረገጥ"፣ የላላው ጋ "በቀኝ" ይላቸዋል፤ እነሱም ይታዘዙታል። ነፋሱ የሰበረው የጥድ ቅርንጫፍ መንገዱን ዘግቶ ሲያገኘው በእግሩ ዳስሶ በላዩ አሻገራቸው።

ከታች ቤቶቹ ሊጀምሩ ሲሉ ግን እጁ ያልጠበቀውን ግንብ ነካ። ቆመ። እዚህ ግንብ አልነበረም፤ ቦታው ባዶ ማሳ ነበር፣ በማሳው ጥግ አቋርጦ ነው የሚወርደው። በዚህ መንገድ በእግሩ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። አንድ ሰው ቤት ሠርቷል፣ በር ገጥሞ ቆልፏል።

"ምን ሆንን?" አለች ማሩላ።

"ተዘግቷል።" ወደ ኋላ ተመልሶ በአስፋልቱ ቢዞር ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ጡሩንባው ሁለተኛ ጊዜ ተነፋ። "ማሩላ፣ ምን ይታይሻል? ያለውን ሁሉ ንገሪኝ።"

"ግንብ ነው። ነጭ ግንብ። የብረት በር። ውሻ አለ፣ ታስሯል።"

"ከግንቡ ወዲያስ? ዛፍ የለም?"

"አለ፤ በለስ ነው መሰለኝ።"

"በየት በኩል?"

"በቀኝ። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ።"

"ከሥሩ የውሃ ቦይ መኖር አለበት፣ የደረቀ።"

ማሩላ የባሏን ቀበቶ ለቅቃ በግንቡ ጥግ ሄደች። ለአንድ አፍታ ድምፅዋ ጠፋ፤ ፓንዴሊስ እጁን ግንቡ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ከዚያ አለ፣ አለ፣ እሾህ በዝቶበታል እንጂ አለ ስትል ሰማት። በቦዩ ውስጥ እሷ ከፊት፣ እሱ መሐል፣ ሎይዞስ ከኋላ ሆነው ወረዱ። እሷ የሚታያትን ትናገራለች፣ እሱ የት እንደደረሱ ይነግራታል። እሾህ የሁሉንም እግር ቧጠጠው። ሎይዞስ አንዴ ተንሸራቶ በታመመው እጁ ላይ ሊወድቅ ሲል ፓንዴሊስ በጀርባው ደግፎ አስቀረው። ከቦዩ ሲወጡ ዳቦ ቤቱ ጀርባ ናቸው። የዳቦው ሽታ ሲመጣበት ፓንዴሊስ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ስምንት ሰዓት ከሠላሳ ሰባት ላይ ወደቡ ደረሱ። ሳቫስ አንድ እግሩን ጀልባዋ ላይ፣ አንዱን እግሩን መሬት ላይ አድርጎ፣ ነጭ ከለበሰው የመርከብ ሹም ጋር አፍ ለአፍ ገጥሞ ቆሟል። ሹሙ አዛውንቶቹን ሲያይ እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። ማሩላ የፓንዴሊስን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ግንባሩን ሳመችው። ሎይዞስ ግን ለመሳፈር አልቸኮለም።

"እኔን ከመሪ ላይ ያወረደችኝ ልጄ ናት፣ ቁልፉን ቀምታ" አለው። "አንተ ሞተሩን በራስህ እጅ ነው ያጠፋኸው።"

"ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው" አለ ፓንዴሊስ።

ሎይዞስ ትከሻውን መታ አድርጎት ወደ ጀልባዋ ወረደ። ጀልባዋ በማዕበሉ ላይ እየዘለለች ስትሄድ ፓንዴሊስ ሞተሯን ብቻ ነው የተከተለው። ሳቫስ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

"ካለፈው ዓመት ጀምሮ?"

"ከፋሲካ በኋላ።"

"በነሐሴ ልጄን ወደ ግሪኮስ ወስደህልኛል። ለዋና።"

"አዎ።"

ሳቫስ ቁልፉን ተቀበለውና ሌላ ቃል ሳይናገር መኪናዋን ሊያወርድ ሽቅብ ሄደ። ፓንዴሊስ ቢሰድበው፣ ቢመታውም ይሻለው ነበር።

ኾራ ቤቱ የደረሰው በእግሩ፣ በዚያው በበቅሎ መንገድ ነው። ኡራኒያ ሁሉንም ሰምታ ነበር፤ በደሴት ላይ ወሬ ከሰው ይቀድማል። ወንበር ሳበችለትና የተቧጠጠ እግሩን ማጠብ ጀመረች። እሱም አንድ በአንድ ሊነግራት ሲል አውቃለሁ አለችው። ጋዜጣ እየገዛ ገጹን ዝም ብሎ ሲገልጥ ካየች ቆይታለች፤ ከገና በፊት ጀምሮ ታውቃለች።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?" አለ ቆጣ ብሎ።

"አንተ ትናገራለህ ብዬ። በየቀኑ የመኪናውን ድምፅ እስክሰማ ድረስ መስኮቱ ጋ ቆሜ እንደምውል ታውቃለህ?"

"ብሞትብሽስ?"

ኡራኒያ ጨርቁን ጨመቀችው። "ሰው ብገድልስ አትልም?" አለችው። "ሁለታችንም ነን ያጠፋነው። እኔም ከኤቭዶኪያ ፊት የምቆምበት ዓይን የለኝም።"

በማግስቱ መንጃ ፈቃዱንና ሰሌዳውን ወደብ ላይ ላለው ቢሮ አስረከበ። መኪናዋን የካምቦስ ሰው ገዛት። ያን ክረምት ታክሲ ተራው አጠገብ አላለፈም። ኤቭዶኪያ ማር ሊገዛ ሲሄድ ማሩን ትሸጥለታለች፣ ሰላም ግን አትለውም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኛት በድምፅዋ ወዳለችበት ዞሮ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ይቅርታ በሚባባሉበት ምሽት፣ መጥታ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ አለችው፤ ፊቷን ከእሱ ሳታዞር ነበር አሉ፣ እሱ ግን ያንን አላየም።

በዚያው ወር ሮድስ ደሴት ካለ የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ተይዞለት ኡራኒያና እሱ ሻንጣ ይዘው አውቶቡሱን ሲጠብቁ፣ አንድ መኪና አጠገባቸው ቆመ። ሞተሩን አወቀው። ሳቫስ ወርዶ ሻንጣውን ከኡራኒያ እጅ ወስዶ ከኋላ ከተተ። ወደቡ ላይ ሻንጣውን ሲያወርድ ነው ሳቫስ የተናገረው።

"መቼ ነው የምትመለሱት?"

"ሐሙስ ነው" አለ ፓንዴሊስ።

"ሐሙስ ተራው የኔ ነው" አለ ሳቫስ፤ በሩንም ዘግቶ ሄደ።